ማን ገባ ብቻ ሳይሆን ምን አደረገ፦ የሰርቨር መዝገብ እንዴት ይቀናበር?

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 16 ቀን 2019 በለንደን የሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ፒተር ፍሬዘር የብሪታኒያ ፖስታ ቤትን በተመለከተ ውሳኔ ሰጡ። ብዙዎች ከውሳኔው የሚያስታውሱት ፖስታ ቤቱ ሆራይዘን የተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓቱ አስተማማኝ ነው እያለ ያቀረበው ክርክር በ21ኛው ክፍለ ዘመን ምድር ጠፍጣፋ ናት ብሎ ከመሟገት ጋር መነጻጸሩን ነው። የምሕንድስና ባለሙያን ይበልጥ ሊያስጨንቀው የሚገባው ግን በረጅሙ ውሳኔ ውስጥ የሰፈረ አንድ ደረቅ ዝርዝር ነው። ልዩ ሥልጣን የተሰጣቸው የፉጂትሱ ኩባንያ ሠራተኞች ወደ ሥርዓቱ ሲገቡ የሚከታተላቸው መዝገብ እስከ ጁላይ 2015 ድረስ ይይዝ የነበረው መግባታቸውንና መውጣታቸውን ብቻ ነው። በመግባትና በመውጣት መካከል ምን እንደሠሩ አልተጻፈም።

ሆራይዘን በመላ ብሪታኒያ ባሉ የፖስታ ቤት ቅርንጫፎች እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የተዘረጋ የሒሳብ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ የገንዘብ ጉድለት ባሳየ ቁጥር ቅርንጫፉን በውል የሚያስተዳድረው ሰው ከኪሱ እንዲሞላ ይደረግ ነበር፤ አለዚያም በስርቆት ወይም በሐሰተኛ ሒሳብ ይከሰሳል። እስከ 2015 ባሉት ዓመታት ከ900 በላይ ሰዎች ጥፋተኛ ተብለዋል። ከተጎዱት መካከል ከደቡብ እስያ መጥተው ሱቅና ፖስታ ቤት አጣምረው ይሠሩ የነበሩ ስደተኛ ቤተሰቦች በርካቶች ናቸው። ፖስታ ቤቱ ተጠርጣሪዎችን በዘር በሚከፋፍል አጸያፊ ቃል የሚገልጽ ሰነድ ይጠቀም እንደነበር በ2023 ይፋ ሲወጣ ይቅርታ ለመጠየቅ ተገድዷል። በሰር ዊን ዊሊያምስ የሚመራው የሕዝብ ምርመራ በጁላይ 2025 ባወጣው የሪፖርቱ የመጀመሪያ ክፍል ከዚሁ ጉዳይ ጋር በተያያዘ ቢያንስ 13 ሰዎች የገዛ ሕይወታቸውን ሳያጠፉ እንዳልቀሩ አመልክቷል።

ፍርድ ቤቱ የኩባንያው ሠራተኞች ከሩቅ ሆነው ወደ ቅርንጫፍ ሒሳብ ግብይት ማስገባት ይችሉ እንደነበር አረጋግጧል። በቀድሞው የሥርዓቱ ዓይነት እንዲህ ያለው ግብይት የቅርንጫፉ ኃላፊ ራሱ የሠራው መስሎ ሊታይ ይችል ነበር። ታዲያ አንድ ሰው «ይህን ገንዘብ የነካሁት እኔ አይደለሁም» ቢል በምን ያስረዳል? መስካሪው መዝገቡ ነው፤ መዝገቡ ደግሞ ዝም ብሏል። በአገራችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ምን እንደሚጻፍና ምን እንደሚታለፍ የሚወስነው ማን እንደሆነ ግን ተረቱ አይነግረንም።

በኮምፒዩተሩ ዓለም ይህን የሚወስነው የሎግ ቅንብር ነው። ሎግ የሚባለው አንድ ሰርቨር ሲሠራ የገጠመውን ሁሉ በሰዓትና በደቂቃ እየለየ የሚጽፍበት የክንውን መዝገብ ነው። ቅንብሩ ደግሞ የትኛው ክንውን፣ በምን ያህል ዝርዝር፣ የት ተጽፎ፣ ለስንት ጊዜ እንደሚቀመጥ የሚያዝ አነስተኛ ፋይል ነው። ብዙውን ጊዜ ከመቶ መስመር አይበልጥም። በአብዛኛው ሥራው ሲጣደፍ በመጨረሻው ሳምንት፣ ለጀማሪ ባለሙያ ተሰጥቶ፣ ከሌላ ፕሮጀክት ተቀድቶ የሚገባ ነው። ይህ ልማድ መቅረት አለበት።

ነገሩ ኢትዮጵያውያንን የሚመለከተው በሩቁ አይደለም። የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ የቆመበት ሞሲፕ የተሰኘው መድረክ በሕንድ ባንጋሎር የተጀመረ፣ ምንጩ ክፍት የሆነ፣ በጃቫ ቋንቋ የተጻፈና በሞጁሎች የተከፋፈለ ሥርዓት ነው። የጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ሲሆን እርሱም በጃቫ የተጻፈ ነው። በለንደን ሲቲ በሚባለው የባንኮች ሰፈር ለሚሠሩ የሶፍትዌር ባለሙያዎች ጃቫ የዕለት እንጀራ ነው፤ ከእነርሱ መካከል አማርኛ ተናጋሪዎች አይጠፉም።

ሞጁላዊ የሚባለው ሰርቨር አንድ ወጥ ፕሮግራም አይደለም። ክፍያን የሚያካሂደው፣ ማንነትን የሚያጣራው፣ የስልክ መልእክት የሚልከው ክፍል እያንዳንዱ ለብቻው ተጽፎ ኋላ የሚገጣጠም ነው። ችግሩ የሚጀምረው ሁሉም የየራሱን መዝጋቢ ይዞ ሲመጣ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሎግፎርጄ የተባለው ላይብረሪ ተፈጠረ፤ ጃቫ ራሱ በ2002 የራሱን መዝጋቢ ጨመረ፤ ከዚያም ኮመንስ ሎጊንግ፣ ኤስኤልኤፍፎርጄ፣ ሎግባክ ተከታተሉ። የሚገርመው ሎግፎርጄን የጀመሩት ጄኪ ጉልጁ ኋላ ኤስኤልኤፍፎርጄንና ሎግባክንም የጻፉት እርሳቸው መሆናቸው ነው። የዚህ ሁሉ ውጤት በአንድ ሰርቨር ውስጥ ሦስት አራት መዝጋቢዎች መገኘታቸው ነው፤ አንዱ ወደ ፋይል፣ ሌላው ወደ ስክሪን፣ ሦስተኛው ማንም ወደማያውቀው ቦታ ይጽፋል።

የዚህ መፍትሔ ከታወቀ ቆይቷል። እያንዳንዱ ሞጁል መልእክቱን የሚያስተላልፈው እንደ ኤስኤልኤፍፎርጄ ባለ መሐል ቤት በኩል ነው እንጂ መልእክቱ በመጨረሻ የት እንደሚጻፍ የመወሰን ሥልጣን ሊኖረው አይገባም። ያንን የሚወስነው ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው ተቋም ነው። በአንድ ሰርቨር ላይ የተለያዩ መተግበሪያዎች አብረው ሲያድሩም የአንዱ ቅንብር የሌላውን መዝገብ እንዳይቀይር መለየት ያስፈልጋል። የቶምካት ሰርቨር ሠሪዎች የጃቫን መደበኛ መዝጋቢ ትተው የራሳቸውን ያሻሻሉት ለዚሁ ነበር፤ መደበኛው በአንድ የጃቫ ማሽን ውስጥ ላሉት ሁሉ አንድ ቅንብር ብቻ ያውቅ ነበርና።

ተለዋዋጭነት የሚባለው የሚገኘው ከስም አወጣጡ ነው። መዝጋቢዎች በዘር ሐረግ የተያያዘ ስም አላቸው፤ «ባንክ» አባት ቢሆን «ባንክ፣ ክፍያ» ልጅ፣ «ባንክ፣ ክፍያ፣ ሐዋላ» የልጅ ልጅ ነው። ልጁ የራሱ ትእዛዝ ካልተሰጠው የአባቱን ይወርሳል። ስለዚህ መላው ባንክ ማስጠንቀቂያና ስሕተት ብቻ እንዲጽፍ አዝዞ፣ ሐዋላ ላይ ችግር በተሰማ ጊዜ ለእርሱ ብቻ ዝርዝሩን መክፈት ይቻላል። ሎግባክም ሆነ ሎግፎርጄ የቅንብር ፋይላቸው መለወጡን በየጊዜው እየተመለከቱ ሰርቨሩ ሳይቆም አዲሱን ትእዛዝ መቀበል ይችላሉ። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ስሕተት ለማየት ሰርቨሩን አጥፍቶ ማስነሣት ካስፈለገ፣ በርካታ ሰው ወረፋ ይዞ በሚጠብቅበት ሰዓት ማን ይደፍራል? ችግሩ ሳይታይ ይታለፋል፤ ነገ ደግሞ ይመለሳል።

እስከዚህ ድረስ ባለሙያዎች ብዙም አይጣሉም። ጥሉ ያለው ተለዋዋጭነቱ የት ላይ ይቁም በሚለው ነው። እዚህ ላይ ብዙ የልማት ቡድኖች የሚሄዱበት መንገድ የተሳሳተ ነው ማለት ይገባል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። መዝገብ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የጥገና ማስታወሻ ነው፤ «ከዳታቤዙ ጋር ያለው ግንኙነት ዘገየ»፣ «ጥያቄው ለሁለተኛ ጊዜ ተላከ» የሚል፣ ባለሙያው በሽታውን የሚያገኝበት። ይህ እንደ ፋኖስ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ማለትም አለበት። ሁለተኛው የምስክርነት መዝገብ ነው፤ ማን፣ መቼ፣ በማን ሥልጣን፣ የትኛውን ሒሳብ ወይም ማንነት ነካ የሚል። ብዙ መተግበሪያዎች ግን ሁለቱንም በአንድ መዝጋቢ፣ በአንድ ደረጃ፣ በአንድ ፋይል ይጽፏቸዋል። ምስክርነቱ ኢንፎ በሚባለው መካከለኛ ደረጃ ይጻፋል፤ ዲስኩ ሞላ ተብሎ ደረጃው አንድ እርከን ከፍ ሲል ምስክርነቱም አብሮ ይጠፋል። ያጠፋው ሰው ክፉ ላይሆን ይችላል፤ ቦታ ለማትረፍ የተጣጣረ ታታሪ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል።

ከዚህም የባሰ፣ ማንም ሳይነካው የሚጠፋበት መንገድ አለ። መጻፍ ጊዜ ስለሚወስድ ሰርቨሮች መልእክቱን በቀጥታ ወደ ዲስክ ከመጻፍ ይልቅ ወረፋ ላይ ያስቀምጡታል፤ ሌላ ሠራተኛ በጓሮ ሆኖ ይገለብጠዋል። በሎግባክ ይህ ወረፋ ሌላ ካልታዘዘ በቀር 256 መልእክት ይይዛል። ባዶ ቦታው ከ20 በመቶ በታች ሲወርድ መዝጋቢው ኢንፎንና ከእርሱ በታች ያሉትን መልእክቶች መጣል ይጀምራል፤ የሚያስተርፈው ማስጠንቀቂያንና ስሕተትን ብቻ ነው። ይህ የተደበቀ ጉድለት ሳይሆን በመመሪያው ላይ በግልጽ የተጻፈ፣ ለጥገና ማስታወሻም የሚያስኬድ ውሳኔ ነው። ምስክርነትን በኢንፎ ደረጃ ለጻፈ ባንክ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው፦ ሥርዓቱ በተጨናነቀበት፣ ማለትም ነገር ሊበላሽ ይበልጥ በሚችልበት ሰዓት፣ መዝገቡ ባዶ ይሆናል።

ስለዚህ የጥገናው መዝገብ የፈለገውን ያህል ተለዋዋጭ ይሁን፤ የምስክርነቱ መዝገብ ግን በዚያ መቆጣጠሪያ ሥር ፈጽሞ መዋል የለበትም። የራሱ መንገድ፣ የራሱ ማከማቻ፣ የራሱ ጠባቂ ያስፈልገዋል። መጻፍ ካልቻለ ግብይቱ ራሱ መቆም አለበት እስከማለት የሚደርሱ አሉ፤ ገንዘብንና ማንነትን በተመለከተ ትክክል ናቸው። ሞሲፕ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ኦዲትን የሚመዘግብ ከሌሎቹ ሞጁሎች የተለየ አገልግሎት አለው። ለንደን ያሉ እድሮችም ቢሆኑ ይህን ሕግ ያለ ምሕንድስና ትምህርት ያውቁታል፤ ገንዘብ ያዡ መዝገብ አይጽፍም፣ መዝገብ ጸሐፊው ገንዘብ አይዝም። በሰርቨርም ቢሆን ሥርዓቱን የመለወጥ ሥልጣን ያለው ሰው የራሱን ዱካ የማጥፋት ሥልጣን ሊኖረው አይገባም። ሌላም ይከተላል፤ የሎግ ቅንብሩ ሲለወጥ ማን እንደለወጠውና ከምን ወደ ምን እንደለወጠው ራሱ በምስክርነት መዝገብ መግባት አለበት።

አንዳንዶች ይህ ሁሉ ወጪ ነው ይላሉ። እውነት አላቸው። ዲስክ ገንዘብ ነው፤ ሁለት መንገድ ማበጀት ከአንድ ይከብዳል፤ የሚጠብቀው ሰው ደመወዝ ይፈልጋል። ይሁንና ፖስታ ቤቱ በዲሴምበር 2019 ከ555 ከሳሾች ጋር ለመታረቅ ብቻ 57.75 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሏል፤ ከዚያ ወዲህ የብሪታኒያ ግብር ከፋይ የሚሸከመው የካሣ ሒሳብ ከዚህ ብዙ እጥፍ የሚልቅ ነው።

ተለዋዋጭነት ከልክ ሲያልፍ ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ዓለም በዲሴምበር 2021 አይቷል። ሎግፎርጄ ውስጥ ከ2013 ጀምሮ የነበረ አንድ አመቺ ነገር ነበር፤ በሚጻፈው መልእክት ውስጥ የተለየ ምልክት ካገኘ ምልክቱን እንደ ትእዛዝ ቆጥሮ ከሌላ ሰርቨር መረጃ ያመጣል። ማንም ሰው ያንን ምልክት በስም መጻፊያ ሳጥን ወይም በጨዋታ መወያያ ላይ ቢጽፍ ሰርቨሩ ለመመዝገብ ሲል ያነበዋል፤ ሲያነብም የአጥቂውን ኮድ አምጥቶ ያስኬዳል። ሎግፎርሼል የሚል ስም የተሰጠው ይህ ክፍተት ከ10 ነጥብ 10 አግኝቷል። በዚያ ሰሞን በዓለም ዙሪያ ባለሙያዎች ሌሊቱን አላደሩም፤ አንዱ ማስተካከያ ሳይበቃ ሌላው እየተከተለ ተከታታይ እርማቶች ወጡ። ላይብረሪውን የሚንከባከቡት ጥቂት በጎ ፈቃደኞች እንደነበሩም ያን ጊዜ ነው ብዙ ሰው የተረዳው። የሚያሳዝነው ብዙ ተቋማት ክፍተቱን መድፈን ያቃታቸው ከየትኛው ሞጁል ውስጥ የትኛው ሎግፎርጄ እንዳለ የሚያሳይ ዝርዝር ስላልነበራቸው ነው። ጸሐፊ የተነገረውን ይጻፍ እንጂ የተነገረውን አይፈጽም፤ የሎግ ቅንብር ይህን ወሰን ማለፍ የለበትም።

መዝገብ ብዙ ሲያውቅም ያስፈራል። ትዊተር በሜይ 2018 ከ330 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎቹ የይለፍ ቃላቸውን እንዲቀይሩ የመከረው ቃሎቹ ሳይመሰጠሩ በውስጥ ሎግ ተጽፈው በመገኘታቸው ነበር። ዝርዝሩ ለጥገና ሲከፈት የሰው ምስጢርም አብሮ ይከፈታል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች፤ የፋይዳ ቁጥርም ሆነ የጣት አሻራ በጥገና ሎግ ውስጥ አንድም ቀን ሊታይ እንደማይገባ የሚያከራክር አይደለም። መሸፈኛው በየሞጁሉ ጸሐፊ ጥንቃቄ ላይ ሳይተው በቅንብሩ ማዕከል፣ ሁሉም መልእክት በሚያልፍበት በር ላይ መቀመጥ ይኖርበታል።

አንድ ጥያቄ ከሞጁል ወደ ሞጁል ሲያልፍ አንድ መከታተያ ቁጥር ይዞ ካልሄደ፣ አምስት መዝገብ ተሰብስቦም አንድ ታሪክ አይወጣም። በጃቫ ይህ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚታሠረው ሥራውን ከሚያካሂደው ክር ጋር ስለሆነ፣ ሥራው ወደ ሌላ ክር ሲተላለፍ ቁጥሩ ይቀራል፤ ለማስተላለፍ አስቦ መጻፍ ግድ ነው። ሰዓትም እንዲሁ ነው። ለንደን በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ሌሊት ሰዓቷን ወደ ኋላ ስትመልስ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ያለው ጊዜ ሁለት ጊዜ ይደርሳል። ለአበሻ ደግሞ «ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት» የሚለው ራሱ ሌላው አንድ ሰዓት የሚለው ነው። መዝገቡ በዓለም አቀፉ ሰዓት ይጻፍ፤ ወደ አገር ሰዓት የሚመልሰው አንባቢው ይሁን።

መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰውን ብዙዎች ያስታውሱታል። በሥርዓቱ ላይ በተደረገ የማሻሻያ ሥራ ሳቢያ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ማውጣት ቻሉ፤ በተለይ በዩኒቨርሲቲዎች ወሬው ሲዛመት በገንዘብ ማውጫ ማሽኖች ዙሪያ ረጅም ሰልፍ ታየ። የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ ተገለጸ። በዚያች ሌሊት 490 ሺህ ያህል ግብይት መካሄዱን ባንኩ የተናገረ ሲሆን፣ ገንዘቡን ያልመለሱ ሰዎችን ስምና ፎቶግራፍም ይፋ አድርጓል። ማን ምን ያህል እንደወሰደ መለየት የተቻለው የግብይት መዝገብ ስለነበረ ነው። ስሙ የተለጠፈ ሰው «እኔ አይደለሁም» ቢል ለእርሱም መከላከያው ያው መዝገብ ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ ከሳሽን ብቻ ሳይሆን ተከሳሽንም እንዲያገለግል ሆኖ መሠራት ያለበት ለዚህ ነው።

ሕጉም ከዚህ ጋር ይያያዛል። በእንግሊዝና ዌልስ ከኮምፒዩተር የተገኘ ማስረጃ ከመቅረቡ በፊት ኮምፒዩተሩ በትክክል ይሠራ እንደነበር ማሳየትን ይጠይቅ የነበረው ድንጋጌ በ1999 በወጣ ሕግ ተሽሮ ከኤፕሪል 2000 ጀምሮ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ተቃራኒው ካልታየ በቀር ማሽኑ ትክክል ነው ተብሎ ይገመታል። ተቃራኒውን የሚያሳየው መዝገብ ግን በከሳሹ እጅ ነው። የብሪታኒያ የፍትሕ ሚኒስቴር ይህን ግምት እንደገና ለመመርመር በጃንዋሪ 2025 አስተያየት መሰብሰብ ጀምሯል። በአዲስ አበባ ዲጂታል ማስረጃን የሚያዩ ዳኞችና ዐቃቤ ሕጎች ይህን ክርክር በቅርብ ቢከታተሉት ይጠቅማቸዋል፤ ተመሳሳይ ጥያቄ ወደ ችሎታቸው መምጣቱ አይቀርምና።

በሆራይዘን ታሪክ ውስጥ ከኮድም ከሕግም ይልቅ በውል ወረቀት ላይ የተቀበረ ነገርም ነበር። ፖስታ ቤቱ የተሟላውን የኦዲት መረጃ ከፉጂትሱ የሚጠይቀው በውሉ በተወሰነ መጠን ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ይከፍል ነበር፤ ያ መረጃም ለእያንዳንዱ ተከሳሽ አልተጠየቀም። የኢትዮጵያ ባንኮችና መሥሪያ ቤቶች የሰርቨር ሥርዓት ለመግዛት ጨረታ ሲያወጡ የፍጥነትና የዋጋ መስፈርት በገጽ በገጽ ይዘረዝራሉ። ከእነዚያ ገጾች በአንዱ ላይ የምስክርነት መዝገቡ በማን ቁልፍ እንደሚጠበቅ፣ ለስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ አንድ ተራ ደንበኛ ስለ ራሱ ሒሳብ ሲጠይቅ በስንት ቀን እንደሚሰጠውና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ሊጻፍ ይገባል፤ ውሉ ከመፈረሙ በፊት።